የሴይስሚክ ለውጡ የጋዙ መሆኑን ስለ መለየት
ከመሬት በታች ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተከማቸበት ቦታ በተለያየ ጊዜ በተነሱ ሁለት የሴይስሚክ ምስሎች (ወደ መሬት ውስጥ በሚላክ የንዝረት ሞገድ ነጸብራቅ በሚሠሩ ምስሎች) መካከል ያዩት ልዩነት ከጋዙ መምጣቱን ለማረጋገጥ፣ በመጀመሪያ ጋዙ ይደርስበታል ተብሎ የማይጠበቀውን፣ ከክዳን ዓለቱ (ጋዙ ወደ ላይ እንዳይወጣ ከሚያግደው ዓለት) በላይ ያለውን ንብርብር ያነጻጽሩ። እዚያም ተመሳሳይ ልዩነት በልኬት መስመሩ ሁሉ ከታየ ችግሩ የልኬቱ ነውና እሱን ሳያስተካክሉ ወደ ማከማቻው አይውረዱ።

ጋዙ በማከማቻው ዓለት ቀዳዳዎች ውስጥ የነበረውን የጨዋማ ውሃ ቦታ ሲይዝ የሞገዱ ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ከማከማቻው ሥር ያሉት ነጸብራቆች ዘግይተው ይደርሳሉ፤ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋዝ በሚከማችበት በኖርዌዩ ስላይፕነር የባሕር ጋዝ መስክ ይህ በተደጋጋሚ ልኬት በግልጽ ታይቷል።

የልኬት ልምምዱን ደብረ ብርሃን አካባቢ ስለሚያደርጉ ግን ወቅቱን ይጠንቀቁ። እኔ በጥር የለካሁትን መስመር በነሐሴ ስደግመው፣ ውሃ የጠገበው የመረሬ አፈር ብቻውን የሞገዱን መድረሻ ጊዜ ስለቀየረው ሁለቱን ማነጻጸር አልቻልኩም። ጂኦፎኖቹን (የንዝረት መቀበያዎቹን) በዚያው ነጥብ፣ በዚያው ወር ይትከሉ።