«አየሩ ተቀይሯል» ስትሉ

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አንድ ካፌ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ ተማሪዎች ስለ አየር ንብረት ለውጥ ይከራከራሉ። አንዷ «አዲስ አበባ እንዴት እንደሞቀች አታዩም?» አለች። አንዱ «የፈረንጅ ወሬ ነው፤ እኛ ምን አደረግን?» አላት። ከዚያ ጩኸት ሆነ። ልጆቼ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዝናብና ሙቀት ስለካ ኖሬአለሁ። ለእነሱ ያላልኩትን ለእናንተ ልበል።

ከልጅቷ ልጀምር። አዎ፣ ከተማችን ሞቃለች። ግን ሙቀቱ ሁሉ ከአንድ ምክንያት የመጣ አይደለም። እኔ ሥራ ስጀምር ቴርሞሜትሩ ያለበት ነጭ የእንጨት ሳጥን ዙሪያው ሣር ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ቦታ መሀል ከተማ ማግኘት ከባድ ነው። አስፋልትና ኮንክሪት ቀን የጠጡትን ሙቀት ማታ ይመልሱታል። ስለዚህ የካዛንቺስን ምሽት ብቻ ይዛችሁ «ዓለም ሞቀች» ካላችሁ፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው በአንድ ጥያቄ ዝም ያሰኛችኋል። ሰፊውን ማስረጃ ያዙ። አስፋልት በሌለበት ውቅያኖስ ላይም ውሃው ሞቋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 የነበረው የዓለም አማካይ ሙቀት፣ ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል።

«ፀሐይ ብትሆንስ?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አትናቁት። የፀሐይ ኃይል ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ላይኛውም ታችኛውም አየር አብሮ በሞቀ ነበር። የተለካው ግን ሌላ ነው፦ የታችኛው ሞቋል፣ ከፍ ያለው ስትራቶስፌር ቀዝቅዟል። ሙቀት አማቂ ጋዝ ሲበዛ የሚሆነው ይሄው ነው። ከእነዚህ ጋዞች አንዱ የሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአየሩ ከሚሊዮን እጅ 280 ገደማ ነበር፤ አሁን ከ420 አልፏል። ከየት እንደመጣ ካርቦኑ ራሱ ይመሰክራል። የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ካርቦን እጅግ ያረጀ ስለሆነ ካርቦን 14 የሚባለው ዓይነት አልቆበታል። እሱ ሲቃጠል የአየሩን ካርቦን 14 ያሳሳዋል፤ ይህም ተለክቷል። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው።

ወደ ልጁ ልምጣ፤ በእሱ ነገር ብዙ አስቤአለሁ። «እኛ ምን አደረግን?» ማለቱ ትክክል ነው። ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት የመላው አፍሪካ ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ነው። የኢትዮጵያማ ከ1 በመቶ በታች ነው። ነገር ግን «እኛ አላደረስነውም» ማለትና «ሰው አላደረሰውም» ማለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ መለስ ዜናዊ አፍሪካን ወክለው ገንዘብ ሲጠይቁ የቆሙት በመጀመሪያው አባባል ላይ ነው። ሰው ካላደረሰው ታዲያ ማንን ልትጠይቁ ነው? ያ ልጅ ሳያውቀው የገዛ ገበሬውን ክስ እየዘጋ ነበር። ያን ቀን ተነስቼ ይህን ባለመንገሬ አዝናለሁ።

እናቶቻችሁ «የእግዜር ቁጣ ነው» ቢሉ አታሹፉባቸው። የ1977ን ረሃብ ያዩ ሰዎች ናቸው። እኔም አማኝ ነኝ። ከሰሉን ያነደደው ግን ሰው መሆኑን በአክብሮት ንገሯቸው።

ሰው አካባቢውን ይለውጣል ወይ የሚል ካለ ደግሞ ቀና ብሎ እንጦጦን ይይ። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ ስላጠራት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ከውጭ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ጥፋቱም ማዳኑም የሰው እጅ ነበር።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በጀማሪነቴ አንድ ጠዋት የ3 ሰዓቱን የዝናብ ልኬት ሳላነብ ቀረሁ። በግምት ቁጥር ጻፍኩ። አለቃዬ ደረሰበት። ሳይቆጣ ቁጥሩን ሰርዞ «አልተለካም» ብሎ ጻፈበት። እስከ ዛሬ ያ ቃል ዓይኔ ላይ አለ። በክርክር መሀል የማታውቁት ነገር ሲመጣ እናንተም «ይህን አላውቅም» በሉ። ቁጥር አትፍጠሩ።

አሁንም ቀበና፣ ግቢዬ ውስጥ የዝናብ መለኪያ አለኝ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አነባለሁ። ያ ልጅ ይህን ካነበበ ይምጣ፤ ጓደኛውንም ይዟት ይምጣ። ደብተሩን አሳያቸዋለሁ፣ ቡናም ይፈላል።