የአምፑን ሪቪው ልመነው ወይ ላልከው

ወንድሜ ጥያቄህን አሁን ነው ያየሁት። ሪቪው የጻፈው ሰውዬ ባለ 3000 ዋቱ አምፕ (ድምፅ ማጉያው) ከ1500ው እጥፍ ይጮሃል፣ በዛ ላይ ውድ ኬብል ካልገዛህ ቤዙ አይወጣም አለ፣ ለአዳራሽ ልገዛ ነው ልመነው ወይ ነው ያልከው አይደል። እኔ እዚሁ ጅማ ለሰርግ ሳውንድ ሳከራይ 11 አመቴ ነው፣ የተቃጠለም እጠግናለሁ፣ እና ዝም ብለህ አትመነው። ሙሉ በሙሉም ውሸት አይደለም ግን።

ዋቱን በተመለከተ እኔም እንዳንተ ሪቪው አንብቤ አንድ አስመጥቼ ነበር፣ ፊቱ ላይ 3000 ይላል፣ ቤት ወስጄ ከኋላ ፊውዙን ሳወጣው 4 አምፔር! 220ን በ4 አባዛው፣ 880 ነው። ፊውዝ ለአፍታ ከልኩ በላይ ያሳልፋል እሺ፣ ግን ከሶኬት 880 ያልገባለት እቃ ሌሊቱን ሙሉ 3000 ከየት ያመጣል? ያ ቁጥር ፒኤምፒኦ የሚሉት ነው፣ ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ጉልበት ተብሎ ሁሉም እንደፈለገ የሚለካው። (ከኋላ የተጻፈውን የፍጆታ ዋት ደግሞ ብዙ አትከራከርበት፣ እሱ ብዙ ጊዜ በሙሉ ጉልበት ሳይሆን በ1/8ኛው የተለካ ነው።) አርኤምኤሱ (ያለማቋረጥ የሚሰጠው ጉልበት) ስንት፣ በስንት ኦም (የስፒከሩ መቋቋም)፣ ሁለቱም ቻናል እየሰራ ነው ወይስ አንዱ ብቻ፣ ዲስቶርሽኑ (የድምፁ መበላሸት) ስንት ፐርሰንት፣ እነዚህን ካልጻፈልህ ሰውዬው አልለካም፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ነው የገለበጠው።

እጥፍ ይጮሃል ያለውማ... ዋት እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው፣ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ግን ወደ 10 ዲሲቤል ያስፈልጋል፣ ያ ማለት ዋቱ 10 እጥፍ። ለዛ ነው ስፒከሩን መጀመሪያ እይ የምልህ፣ በ1 ዋት 98 ዲሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ100 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ባለ 88ቱ 1000 ዋት ይጠይቅሃል።

ኬብሉ ላይ ግማሽ እውነት አለው። ጥር ላይ ወደ ጅረን አንድ ሰርግ ነበረን፣ ከአምፑ እስከ ድንኳኑ ጫፍ 30 ሜትር፣ ረዳቴ ባለ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ቀጭን ገመድ ዘርግቶት ድምፁ ሙሽሽ አለ፣ ሙሽሮቹ ሊገቡ ነው እኔ ላብ በላብ። መሄጃና መመለሻው 60 ሜትር፣ ወደ 2 ኦም ነው፣ ባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ ከጉልበቱ ሲሶው ገመድ ሲያሞቅ ነበር ማለት ነው። ከመብራት እቃ ሱቅ ባለ 2.5 መዳብ አስመጥቼ ቀየርኩት፣ ወደ 0.4 ወረደ፣ በቃ ቤዙ ተመለሰ። ወፍራም ይሁን እንጂ ውድ መሆን የለበትም።

ውዱንም ሞክሬዋለሁ፣ ጓደኛዬ ገዝቶ «ስማው ልዩነቱን» ሲለኝ እውነትም የተለየ መሰለኝ። ከዛ በቴስተር ቮልቴጁን እኩል አደረግን (ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ ሁሌ የተሻለ ይመስላል፣ ሪቪው ጸሐፊዎቹ ይህን የሚያደርጉት ስንቶቹ ናቸው?) እና የአክስቴ ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ 10 ጊዜ ቀያየረልኝ፣ 5 አገኘሁ። ጓደኛዬ 4። ሳንቲም ብንወረውርም ያው ነበር፣ በፊት በአይናችን ነበር የሰማነው።

የአዳራሹን ርዝመትና ስንት ሰው እንደሚይዝ ጻፍልኝ። አምፑንም ሱቅ ሄደህ ስታየው ከሶኬት አስነቅለህ ፊውዙ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው።