ለጋራዥ ልጆች፦ የሞላ ቁመት አያታልላችሁ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ሞተር ማውረድና መግጠም ለጀመራችሁ ነው። ስለ ቫልቭ ሞላ ነው፤ የተከፈተውን ቫልቭ (የሞተሩን የአየርና የጭስ በር) መልሶ ስለሚዘጋው ጥምዝ ሽቦ።

ቴስታታ (ቫልቮቹ የሚቀመጡበትን የሞተር የላይ ክዳን) ስትሠሩ አያለሁ። ቫልቩን ታገላብጣላችሁ፣ ለጓርኒሲዮኑ፣ ለማሸጊያው ትጨነቃላችሁ። ሞላው ላይ ስትደርሱ ግን ከካርቶን ወጥቶ ቀጥታ ይገባል። «አዲስ ነዋ!» ትላላችሁ። እኔም እንደዚሁ እል ነበር።

አንድ ጊዜ የሃይስ ሚኒባስ ሞተር ጠገንኩ። 5ኤል ናፍጣ ነው፣ 8 ቫልቭ ያለው። 8ቱንም ሞላ ቀየርኩ። አዲሶቹን ከአሮጌዎቹ ጎን አቆምኳቸው፣ ቁመታቸው እኩል ነው። በቃኝ፣ ገጠምኩ።

መኪናው የጎጃም መስመር ነበር የሚሠራው። ከጎሃ ጽዮን ዓባይ ድረስ ያለው ቁልቁለት ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጎበዝ ሹፌር እዚያ ፍሬን ላይ አይተኛም፤ ማርሽ ቀንሶ በሞተር ይይዛል። ሞተሩ ይጮኻል። ደካማ ሞላ የሚጋለጠው ያኔ ነው፤ ቫልቩን በጊዜው መልሶ መዝጋት ያቅተዋል። በሦስተኛው ሳምንት፣ ድልድዩ ጋ ሳይደርሱ አንዱ ሞላ ተሰበረ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ቴስታታውን ሳወርድ የቫልቩ ክብ ፒስተኑ አናት ላይ እንደ ማኅተም ታትሞ አገኘሁት። ወጪውን እኔ ቻልኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

እስቲ አስቡት። ሞተር በደቂቃ 3000 ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ 1500 ጊዜ ይከፈታል። በሰዓት 90 ሺህ ጊዜ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚችል ብረት በዓይን ግምት አይታወቅም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሞላ ሲመጣ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይዤው እወጣለሁ። ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ ካየሁ አልገጥመውም። ስንጥቅ የሚነሳው ከሽቦው ገጽ ነውና ሞላን በፒንሳ አትያዙ፣ በብርጭቆ ወረቀትም አትፈትጉ። ቀጥሎ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አቁሜ፣ ስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) አስጠግቼ አዞረዋለሁ። ማኑዋሉ የራሱ ልክ ከሌለው፣ አናቱ ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከራቀ አልቀበለውም። ያዘመመ ሞላ ቫልቩን ወደ ጎን እየገፋ ጋይዱን፣ ቫልቩ የሚንሸራተትበትን ቱቦ፣ ይበላዋል።

ዋናው ጉልበቱ ነው። የሞላ መፈተሻ ማሽን ከሌላችሁ የሰው ሚዛን ይበቃል። የቁም ድሪሉን ከሶኬት ንቀሉ፣ ሚዛኑን ከሥሩ አድርጉ፣ ሞላውን አቁሙና በእጀታው ተጫኑት። ቴስታታ ላይ የሚኖረው ቁመት ላይ ሲደርስ ኪሎውን አንብቡ። መነጽር አድርጉ፤ ያመለጠ ሞላ ዓይን ያጠፋል። ቁጥሩን ከማኑዋሉ ጋር አስተያዩ። ማኑዋል ከሌለ ደህና ከሆነ ኦሪጅናል ጋር። 8ቱ እርስ በርስ ከ10 በመቶ በላይ ከተራራቁ ሙሉውን እመልሳለሁ። «ጠንካራው ይሻላል» የሚላችሁንም አትስሙ፤ ከልክ በላይ የጠነከረ ሞላ ካምሻፍቱን፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ይፈጀዋል።

አንድ ፈተና ደግሞ አለኝ፤ ከሁሉም በላይ የምተማመንበት ነው። የሞላውን ቁመት በካሊብሮ (በሚሊ ሜትር መለኪያው) ለኩ። ጥምዞቹ ሊነካኩ እስኪቃረቡ ድረስ በሁለቱ ጫፎቹ ሞርሳ (የጠረጴዛ ማሰሪያ) ውስጥ አስጨንቃችሁ አሳድሩት። ጠዋት ፈትታችሁ እንደገና ለኩ። ያጠረ እንደሆነ ብረቱ ወይም ሲሠራ ያገኘው እሳት ልክ አልነበረም። ከዚያ ሚኒባስ የተረፉትን 7 ሞላዎች እንዲህ ሳሳድራቸው ሦስቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ አጥረው አደሩ። ከመግጠሜ በፊት አንድ ሌሊት ብታገሥ ኖሮ ያ ሹፌር ገደል አፋፍ ላይ አይቆምም ነበር።

በአንድ ጫፉ ጥምዞቹ የተጠጋጉ ሞላ ከሆነ፣ የተጠጋጋው ወገን ወደ ቴስታታው ነው የሚዞረው።

ስትገዙ ካርቶኑን አትቅደዱ። «ፈትሼ ካልሆነ እመልሳለሁ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ነጋዴው ፊቱን ቢያጠቁርም አትፈሩ። አሮጌዎቹንም ቶሎ አትጣሉ። በፈተናው ከአዲሶቹ ከበለጡ እነሱኑ መልሳችሁ ግጠሙ፤ ባለመኪናውንም ጠርታችሁ ሁለቱንም ሚዛኑ ላይ ተጭናችሁ አሳዩት።