የቋንቋ ዓመታችሁን ጨርሳችሁ ቻይና ላላችሁ ልጆች

በዚህ ሰሞን ቻይና ውስጥ ከዲግሪው በፊት ቻይንኛ የምትማሩበትን የቋንቋ ዓመታችሁን ያጠናቀቃችሁ ልጆች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። የሰርተፍኬቱን ፎቶ ለቤተሰብ እንደላካችሁ እገምታለሁ። ደግ አደረጋችሁ። ያን ሁሉ ፊደል ከዜሮ ተነስቶ በአንድ የትምህርት ዓመት ለፈተና ማድረስ ቀላል ሥራ አይደለም።

እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። እንደ እናንተ በስኮላርሺፕ ሄጄ መጀመሪያ ቋንቋ፣ ቀጥሎ ሙያዬን በቻይንኛ ተማርኩ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ነበር። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከፊታችሁ ስላለው ክረምት ነው። ከጁላይ እስከ ኦገስት መጨረሻ ያለው ጊዜ የዕረፍት ብቻ ይመስላል። እኔ ግን ቋንቋው የእናንተ የሚሆነው፣ ወይም ከእጃችሁ የሚያመልጠው በነዚህ ሁለት ወራት ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ተጓዙ። ከጓደኞቻችሁ ጋር፣ በባቡር፣ ቀስ እያላችሁ ተጓዙ።

ለምን እንደምል ልንገራችሁ። እስካሁን ያናገሯችሁ መምህራን የትኞቹን ቃላት እንደምታውቁ ያውቃሉ። በነዚያው ቃላት፣ ረጋ ብለው፣ እያንዳንዱን ድምፅ ጠብቀው ያወራሉ። የቻይንኛ ችሎታ መለኪያ የሆነው የኤች ኤስ ኬ ፈተና፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው አሠራሩ፣ አራተኛ ደረጃው 1200 ቃላት ይጠይቃል። በሴፕቴምበር ግን ከቻይናውያን ተማሪዎች መካከል ትቀመጣላችሁ። ፕሮፌሰሩ እናንተ መኖራችሁንም ላያስተውል ይችላል። በአገሩ ዘዬ በፍጥነት ያወራል፣ ሰሌዳው ላይ ፊደሉን አያይዞ ይሞነጭራል። በሒሳብ እጅግ ጎበዝ የነበሩ ልጆች ያኔ «እኔ ደደብ ነኝ እንዴ?» ብለው ተስፋ ሲቆርጡ አይቻለሁ። ልጆቹ አእምሮ አላነሳቸውም። ክረምቱን ሙሉ ዶርም ውስጥ በአማርኛ ሲያወሩና ፊልም ሲያዩ ስለከረሙ ጆሯቸው ዘግቶ ነበር። ምጣዱ እንደጋለ መጋገር ይሻላል።

ከማን ጋር መጓዝ እንዳለባችሁ አስቡበት። ክፍላችሁ ውስጥ አንዷ ከላኦስ፣ አንዱ ከማሊ፣ ሌላው ከካዛኪስታን፣ ሌላዋ ከየመን ትሆናለች። እንግሊዝኛ የማይችሉ ብዙ ናቸው። ከእነሱ ጋር የሚያገናኛችሁ ቻይንኛ ብቻ ነው። በዚያ በተሰባበረ ቻይንኛ ስቃችኋል፣ ተኳርፋችኋል፣ ይቅርታ ተባብላችኋል። ከቻይናዊ ጋር ስታወሩ ሁልጊዜ ተማሪ ናችሁ። ወይ ያርማችኋል፣ ወይ «ጎበዝ!» ብሎ ያልፋል። ከላኦሷ ልጅ ጋር ግን እኩል ናችሁ። ማንም ማንንም አያርምም፤ ሁለታችሁም ነገሩን ለማስረዳት ትታገላላችሁ። በእኔ ዕድሜ ወደ ኋላ ሳይ፣ ከምንም በላይ ያናገረኝ ያ ትግል ነው።

ስለዚህ ከቡድናችሁ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሁለት አማርኛ የማይሰማ ሰው ይኑር። አሥር አበሻ ሆኖ መሄድ ደስ ይላል፣ ጨዋታውም አይጠገብም። ነገር ግን ከቤጂንግ እስከ ኩንሚንግ አማርኛ አውርታችሁ ትመለሳላችሁ። ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል።

ሌላው ነገር ተራ መግባት ነው። በየቡድኑ አንድ ጎበዝ አለ። ሁለት ቀን ሳይሞላ የሁሉም አስተርጓሚ ይሆናል። ሌሎቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ከኋላ ይከተሉታል። ለእሱ ድካም ነው፣ ለእነሱ ደግሞ ኪሳራ። ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። ዛሬ ያንቺ ቀን ከሆነ ትኬት የምትጠይቂው፣ ሆቴሉን የምታናግሪው፣ ምግብ የምታዢው አንቺ ነሽ። ጎበዙ ካልተጠየቀ በቀር አፉን አይከፍትም። የሚያፍረው ልጅ ሲንተባተብ ከኋላው ያለው ሰልፍ ይረዝማል። ይርዘም። ቻይናውያን ቋንቋቸውን ለመናገር ለሚሞክር የውጭ አገር ሰው ትዕግሥታቸው ብዙ ነው።

ስልካችሁን በተመለከተ ደግሞ ጠንከር ብዬ ልናገር። በእኛ ጊዜ ትኬት የሚገዛው ጣቢያ ሄዶ በመሰለፍ ነበር። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ሻጯ ቶሎ ቶሎ ትጠይቅሃለች፣ አንተም ቶሎ መመለስ አለብህ። ዛሬ 12306 የሚባለው የባቡር አፕ ሁሉን ይጨርሳል። ምግብ ቤት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮድ ስካን ታደርጋላችሁ፣ በዌቻት ወይም በአሊፔይ ትከፍላላችሁ። አንድ ቃል ሳትተነፍሱ ከሻንጋይ ቼንግዱ መድረስ ትችላላችሁ። ለኑሮ ምቹ ነው፤ ለእናንተ ግን ጉዳት ነው። የትርጉም አፑን ለሐኪምና ለፖሊስ ጉዳይ አቆዩት። ምግብ ቤት ስትገቡ አስተናጋጇን «ዛሬ ምን ይሻላል?» በሏት።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ወደ ባቡሩ። ከቤጂንግ ሻንጋይ ያለውን 1318 ኪሎ ሜትር ፈጣኑ ባቡር በአራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው የተከፈተው። አንድ ጊዜ ተሳፈሩበት፤ ለመሐንዲስ ዓይን ድንቅ ሥራ ነው። ሰው ግን አይጫወትበትም። ሁሉም ወይ ላፕቶፑ ላይ ነው፣ ወይ ተኝቷል። ለጨዋታ የሚሆነው ዘገምተኛው የሌሊት ባቡር ነው። ዪንግዎ የሚባለውን ማዕረግ ቁረጡ። በር በሌለው ክፍል ውስጥ በሦስት ደርብ የተደረደሩ ስድስት አልጋዎች አሉ። ቀን ቀን የላይኞቹ ወርደው የታችኛው አልጋ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። በየፉርጎው የፈላ ውኃ አለ፤ ሰዉ ሻዩንና ኑድሉን ይዞ ይመላለሳል። በእኛ አቆጣጠር ማታ አራት ሰዓት ገደማ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ወሬው አይቆምም።

ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቋችኋል። ቀጥሎ ዕድሜ፣ ቀጥሎ ማግባት አለማግባት፣ ቀጥሎ በወር ስንት ብር እንደሚሰጣችሁ። አትቀየሙ፤ ሊቀርቧችሁ ፈልገው ነው። መልሱና እናንተም ጠይቁ። ክፍል ውስጥ በብዛት የተለማመዳችሁት መመለስን ነው። ሰውን ስለ ልጁ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ትውልድ መንደሩ መጠየቅ፣ የመለሰውንም ይዞ ሌላ ጥያቄ ማንሳት የምትለምዱት እዚያ አልጋ ጠርዝ ላይ ነው። እኔ ዛሬ ሳይት ላይ ከቻይናውያን ተቋራጮች ጋር ስሠራ የሚረዳኝ ይህ ነው። የቴክኒኩን ቃል ከመዝገበ ቃላት ማግኘት ይቻላል፤ ሰውየው የደበቀውን ችግር እንዲናገር ማድረግ ግን ሌላ ችሎታ ነው።

ምህንድስና ልትማሩ የምትገቡ ካላችሁ ከባዎጂ ቼንግዱ የሚወስደውን አሮጌ መስመር እዩት። እ.ኤ.አ. በ1958 ለአገልግሎት የበቃ ሲሆን፣ በኋላ የቻይና የመጀመሪያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የባቡር መስመር ሆኗል። የቺንሊንግን ተራራ እየተጠማዘዘ ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው የሺአን–ቼንግዱ ፈጣን መስመር ያንኑ ተራራ በዋሻ ሰንጥቆ ያልፈዋል። በአንዱ ሄዳችሁ በሌላው ተመለሱ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የትኛውም መምህር እንደዚያ አድርጎ አያስረዳችሁም።

ጊዜ ካላችሁ ከቼንግዱ ወደ ደቡብ ዝለቁ። እ.ኤ.አ. በ1970 በተከፈተው የቼንግዱ–ኩንሚንግ መስመር ላይ ከፑሺዮንግ እስከ ፓንጅህዋ የሚሄድ ዘገምተኛ ባቡር አለ። ዋጋው ኢምንት ነው። በየትንንሹ ጣቢያ እየቆመ የዪ ብሔረሰብ ገበሬዎችን ከነአትክልታቸው፣ ከነዶሯቸው፣ ከነፍየላቸው ይጭናል። የገበያ ቀን መንገድ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይሆንበትም። እዚያ ካሉት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ እንደ እናንተ ቻይንኛን ከራሳቸው ቋንቋ ቀጥሎ የተማሩት ናቸው። እናንተ አንድ ቃል ስትፈልጉ እነሱም ይፈልጋሉ። ቻይንኛ ለመናገር ቻይናዊ ለመምሰል መሞከር እንደማያስፈልግ የገባኝ ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ጋር ሳወራ ነው።

በነገራችን ላይ ቼንግዱ ባለችበት በሲቹዋን ክፍለ ሀገር ጆሯችሁ ይፈተናል። «ሽ» እና «ስ» ስለሚቀላቀሉባቸው «ስ» የሚባለውን አራትና «ሽ» የሚባለውን አሥር መለየት ያስቸግራል። ገበያ ላይ በጣት ያሳዩአችኋል፤ ከአንድ እስከ አሥር ያለውን ሁሉ በአንድ እጅ ነው የሚቆጥሩት። ቀድማችሁ ተማሩት።

ሺአን ላይ ሁሉም ሰው እ.ኤ.አ. በ1974 ገበሬዎች ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኟቸውን የሸክላ ወታደሮች ለማየት ይሮጣል። ሂዱ። ግን ከተማው ውስጥ ቤይሊን የሚባለውን የድንጋይ ጽሑፎች ሙዚየም አትዝለሉ። እ.ኤ.አ. በ781 የቆመ ሐውልት አለ። ክርስትና በ635 በሱርስት ቋንቋ ከምትገለገለው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን በመጡ ሰዎች ወደ ቻይና እንደገባ በቻይንኛ ይተርካል፤ የሱርስት ጽሑፍም አለበት። ጥንታዊ ቻይንኛ ስለሆነ አታነቡትም፤ እዚህም እዚያም የምታውቁት ፊደል ብቅ ሲል ግን ልባችሁ ይዘላል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ታላቁ መስጊድ አለ፤ ግቢውና ጣሪያው በቻይና አሠራር የተሠራ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጓደኛ ሁለቱንም አብሮ ቢያይ ደስ ይለኛል።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። የአሳማ ሥጋ የማትበሉ የላንጆ ኑድል ቤቶችን ፈልጉ፤ በየከተማው አሉ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ በእነሱ ኦገስት 7 መሆኑ ነው። የምትጾሙ ልጆች አትጨነቁ። የቡድሃ ገዳማት አጠገብ ሥጋ የማይገባባቸው ምግብ ቤቶች አሉ፤ ቼንግዱ ውስጥ ዌንሹ ገዳም አንዱ ነው። ተራ ምግብ ቤት ገብታችሁ «ሥጋ የሌለው» ብቻ ካላችሁ ግን አትክልቱ በአሳማ ስብ ተጠብሶ ሊመጣ ይችላል። ስለ ዘይቱ፣ ስለ ሾርባው፣ ስለ እንቁላሉ አንድ በአንድ ጠይቁ።

ወረቀት ነገር ቀልድ የለውም። ከሁሉ በፊት የመኖሪያ ፈቃዳችሁ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። የቋንቋ ዓመት ፈቃድ ክረምቱ መሃል ላይ ሊያልቅ ይችላል፤ አንድ ቀን ማሳለፍ 500 ዩዋን ሊያስቀጣ ይችላል። ዩኒቨርሲቲ የምትቀይሩ ከሆነ የዝውውር ደብዳቤያችሁን ሳትይዙ አትነሱ፣ ትልቁን ሻንጣም ቀድማችሁ ላኩ። ሆቴል ካላረፋችሁና ጓደኛ ቤት ካደራችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጣቢያ መመዝገብ ግዴታ ነው። አንዳንድ ትንንሽ ማደሪያዎች የውጭ ሰው አንቀበልም ሊሉ ስለሚችሉ ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉ። ቲቤት በራሳችሁ አይኬድም፤ ልዩ ፈቃድና አስጎብኚ ድርጅት ይፈልጋል። የጉዞ ገንዘብ ለማግኘት ብላችሁም ያለ ፈቃድ እንግሊዝኛ ለማስተማር እንዳትገቡ። ስንት የለፋችሁበትን ትምህርት አደጋ ላይ ይጥላል።

ገንዘብ ጓደኝነትን ያበላሻል። እኛ «እኔ ልክፈል» እያልን እንታገላለን፣ ሌላው ድርሻውን አስልቶ ይከፍላል፣ ከዚያ ውስጥ ለውስጥ ቅሬታ ይገባል። የመጀመሪያው ቀን ሁላችሁም እኩል አዋጡና አንድ ሰው ይያዘው። የኪሱ የሳሳው ጓደኛ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ዕቅዱን በእሱ አቅም አውጡ። አንዳንዱ የወር አበሉን ለእናቱ ይልካል፣ ይህንንም ለማንም አይናገርም።

ከክረምቱ በኋላ ትበታተናላችሁ። አንዱ ሃርቢን፣ አንዷ ዉሃን፣ ሌላው ጓንጆ ይመደባል። እንደገና ሁላችሁም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣችሁ ያጠራጥራል። ይህን እያወቃችሁ ተጓዙ። የማሊው ልጅ ስለ አባቱ ማውራት ሲጀምር ቀጣዩ ሙዚየም ይቅር። ከተማ አትቁጠሩ፤ ሦስት ቦታ ይበቃል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ጁላይና ኦገስት የቻይና ተማሪዎችም የሚንቀሳቀሱበት ወቅት ነው። የባቡር ትኬት ሽያጭ የሚከፈተው 15 ቀን ሲቀረው ሲሆን፣ የዪንግዎ የታችኛው አልጋ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ጓደኞቻችሁን ሰብስቡና ቀኑን ቁረጡ። ስብሰባውም በቻይንኛ ይሁን።