ስልኩ የደዋዩን ቁጥር ያሳያል፣ ኮምፒውተሩ ግን «ያልታወቀ» ይላል

ጥያቄው ባጭሩ፦ የቢሮው ስልክ መስመር የሚወጣው ከኢንተርኔት ሳጥኑ የስልክ ቀዳዳ ነው። መስመሩ ላይ የዩኤስቢ ሞደም ተሰክቶ፣ የደዋዩን ቁጥር በስክሪን የሚያሳይ ፕሮግራም ተጭኗል። ሲደወል መስኮቱ ብቅ ይላል፣ ሰዓቱም ልክ ነው፤ ቁጥሩ ግን ሁልጊዜ «ያልታወቀ»። በዚያው መስመር ላይ ያለው ማሳያ ያለው የጠረጴዛ ስልክ ቁጥሩን «ገና ሳይጮህ» በትክክል ያወጣል። ሰው ተጠርቶ ሞደሙን ቀየረ፣ ፊልተር ጨመረ፣ ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ አጥፍቶ ጫነ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አንዳንድ ደዋዮች ጆሯቸው ላይ ፉጨት እንደሚለቀቅባቸው ያማርራሉ።

«ገና ሳይጮህ» የምትለዋ ቃል ባትኖር ኖሮ ፍለጋው ከፕሮግራሙ ይጀመር ነበር። እሷ ካለች ግን ፕሮግራሙን ለጊዜው ይተዉት። ግምቴ ይህ ነው፦ መስመርዎ ቁጥሩን የሚልከው ከመጀመሪያው ጥሪ (ስልኩ አንዴ ከሚጮህበት) በፊት ነው፤ ሞደምዎ ደግሞ ጆሮውን የሚከፍተው ከመጀመሪያው ጥሪ በኋላ ነው። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሌላው ማዳመጥ ይጀምራል። ፕሮግራሙን መቶ ጊዜ ቢጭኑት ይህ አይለወጥም።

ገመድ ከመንካትዎ በፊት አንድ ነገር። የስልክ መስመር «ትንሽ ኮረንት ናት» ተብሎ ይናቃል። ዝም ብሎ ሲቀመጥ 48 ቮልት ያህል ዲሲ አለው፤ በሚጮህበት ሰዓት ግን በተለመደ መስመር ላይ 90 ቮልት ገደማ ኤሲ ይወጣል። ሽቦውን በጣትዎ ይዘው ሳለ ሰው ቢደውል በደንብ ይነዝርዎታል። ስለዚህ መጀመሪያ ገመዱን ከሳጥኑ ይንቀሉ፣ ከዚያ ነው ካቻቢቴና ፒንሳ የሚነሳው። ሰማዩ እያጉረመረመ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይጀምሩ።

አሁን ምክንያቱን ልተንትነው። የደዋይ ቁጥር በመስመሩ ላይ የሚመጣበት መንገድ በዓለም ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። በሰሜን አሜሪካው አሠራር ስልኩ 2 ሰከንድ ይጮኻል፣ 4 ሰከንድ ዝም ይላል፤ ቁጥሩ የሚላከው በዚያች በመጀመሪያዋ ዝምታ ውስጥ ነው። የሚላከውም በሁለት ድምፆች መፈራረቅ ነው፦ 1200 ኸርዝ ማለት «1»፣ 2200 ኸርዝ ማለት «0»፣ በሰከንድ 1200 ቢት። መጀመሪያ 300 ቢት የሚፈራረቅ ድምፅ ለማንቂያ ይሄዳል፣ ቀጥሎ 180 ቢት ያልተቆራረጠ «1»፣ ከዚያ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ አንዳንዴም ስም፤ መጨረሻ ላይ አንዲት የማረጋገጫ ባይት። ሁሉም ተደምሮ አንድ ሰከንድ አይሞላም። መድገም የሚባል ነገር የለም። ማረጋገጫዋ ካልገጠመች ሞደሙ መልእክቱን ይጥለዋል፣ እርስዎም «ያልታወቀ» ያያሉ።

በእንግሊዝ ደግሞ መጀመሪያ የመስመሩ ዋልታ ይገለበጣል፣ የማንቂያ ድምፅ ይከተላል፣ ቁጥሩ ይላካል፣ ስልኩ የሚጮኸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሌሎች ዘንድ ቁጥሩ የሚመጣው ቁጥር ስንጫን በምንሰማቸው ቃናዎች ነው፤ ብዙ ጊዜ በ«ዲ» ቃና ጀምሮ በ«ሲ» ይዘጋል፣ እሱም ከጥሪው ይቀድማል። የጠረጴዛ ስልክዎ ሁሉንም ዓይነት እንዲሰማ ተደርጎ ስለተሠራ አይቸገርም። የሞደሙ ነገር ግን ሌላ ነው። ለሰሜን አሜሪካ የተዘጋጀ ሞደም የመጀመሪያውን ጥሪ እንደ ማንቂያ ደወል ነው የሚቆጥረው፤ ከዚያ በፊት የመጣውን አይሰማም።

ሌላም ነገር አለ። ሞደሙ ይህን ሁሉ የሚያዳምጠው መስመሩን ሳያነሳ ነው። ካነሳው በመስመሩ ዲሲ ኮረንት ይፈስና ላኪው ወገን «ተነሳ» ብሎ ጥሪውንም ቁጥር መላኩንም ያቆማል። ስለዚህ ቦርዱ ላይ ዲሲውን አግዶ ድምፁን ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ መኖር አለበት፤ በካፓሲተር ነው የሚሠራው፣ በድሮዎቹ ላይ ለዚሁ የተመደበ ትንሽ ሪሌይም ነበረ። ርካሹን ሞደም የሚሠሩት ሰዎች የሚቆጥቡት እዚህ ጋ ነው። ትዕዛዙን ሲሰጡት «ኦኬ» ይላል፣ ምክንያቱም ሶፍትዌሩ ትዕዛዙን ያውቀዋል፤ ድምፁ የሚያልፍበት መንገድ ግን ቦርዱ ላይ የለም። «ኦኬ» ማለት ትዕዛዙ ገባኝ ማለት እንጂ እችላለሁ ማለት አይደለም።

ሥራው የሚጀምረው ባለፈው የነካካው ሰው የጨመረውን በማውጣት ነው። ፊልተሩ የሚያስፈልገው የመዳብ ዲኤስኤል (ኢንተርኔትና ስልክ በአንድ ሽቦ የሚመጡበት) መስመር ላይ ነው፤ የእርስዎ መስመር ከሳጥኑ የስልክ ቀዳዳ ስለሚወጣ ምንም አያደርግልዎትም፣ ርካሽ ከሆነ ድምፁን ያዳክማል። ይንቀሉት። ተጠማዞ በናስትሮ የታሰረ መጋጠሚያ ካለም ቆርጠው ይጣሉት፤ በአንድ ወጥ ገመድ ይተኩት። ቁጥር የምትይዘው ያቺ ደካማ ድምፅ በእንዲህ ዓይነቱ መጋጠሚያ ላይ ነው የምትሞተው። የሚሠሩት መሃል ያሉት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው። ገመዱ ሞደሙ ላይ «ላይን» በሚለው ቀዳዳ ይግባ፣ «ፎን» በሚለው ሳይሆን። ለሙከራው ሞደሙ ብቻውን ይሁን፣ የጠረጴዛ ስልኩ ይነቀል።

የፉጨቱ ነገር ቀላል ነው። «ቶሎ እንዲያነሳ» ተብሎ አውቶማቲክ ማንሻው 1 ላይ ተደርጓል ማለት ነው። ሞደሙ በመጀመሪያው ጥሪ ያነሳና ለደዋዩ 2100 ኸርዝ የሞደም ሰላምታ ይለቅበታል። ደዋዩን ከማደንቆሩም በላይ ቁጥሩ የሚመጣበትን ዝምታ ይቆርጠዋል።

አሁን ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ፤ ሰዓቱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ምልክቱም ትጥፋ። የፋክስ አገልግሎት ካለም ይቁም። አንዱን ኮም ፖርት (ሞደሙ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገርበትን በር) በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ሁለተኛው «አክሰስ ዲናይድ» ይባላል። በዲቫይስ ማኔጀር የሞደሙን የኮም ቁጥር ይዩና ፑቲን (ትዕዛዝ በቀጥታ ለሞደሙ የሚጻፍበትን ፕሮግራም) በሲሪያል ይክፈቱት። እዚህ ትዕዛዞቹን እንደ ንባባቸው በእኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ ሲተይቡ በላቲን ፊደል ነው፣ ምልክቱና ቁጥሩ እንዳለ ሆኖ። በመጀመሪያ «ኤቲዜድ»፣ ቀጥሎ «ኤቲኤስ0=0» (አውቶማቲክ ማንሻውን ያጠፋል)፣ ከዚያ «ኤቲ+ቪሲአይዲ=1»። «ኤረር» ካለ የቆየ ሞደም ሊሆን ስለሚችል «ኤቲ#ሲአይዲ=1»ን ይሞክሩ።

ከዚያ በሞባይልዎ ይደውሉ፣ አራት ጊዜ ይጩህ፣ ማንም አያንሳ። ጤነኛ ከሆነ በመጀመሪያውና በሁለተኛው «ሪንግ» መካከል «ዴት» (ቀን)፣ «ታይም» (ሰዓት)፣ «ኤንኤምቢአር» (ቁጥር) የሚሉ መስመሮች ይወጣሉ። «ኤንኤምቢአር» ፊት «ፒ» ብቻ ከወጣ ደዋዩ ቁጥሩን ደብቋል፤ «ኦ» ከሆነ ቁጥሩ ከላኪው ወገን አልደረሰም። በሁለቱም ሞደሙ በትክክል እየሠራ ነው። ከእርስዎ ጋ የምጠብቀው ግን ባዶውን «ሪንግ፣ ሪንግ፣ ሪንግ» ነው።

ያ ከሆነ መፍትሔው ሳጥኑ ላይ ነው። ወደ ሳጥኑ የማስተካከያ ገጽ ይግቡ፣ የስልክ ወይም የኤፍኤክስኤስ (የስልክ ቀዳዳው ስም ነው) ክፍሉን ይፈልጉ፤ የደዋይ ቁጥር አላላክ የሚመረጥበት ቦታ አለው። «ዲቲኤምኤፍ» (በቁጥር መጫኛ ቃናዎች የሚላክበት) ወይም «ከጥሪ በፊት» የሚል ተመርጦ ካገኙት ወደ «ቤልኮር» (የሰሜን አሜሪካው አሠራር) ይቀይሩት። በአንዳንዱ ላይ «ቤልኮር» ሳይሆን «ቴልኮርዲያ» ተብሎ ነው የተጻፈው፤ ሁለቱ ያው ናቸው። ሳጥኑን አጥፍተው ያብሩት፣ ፑቲ ላይ ሦስቱን ትዕዛዞች እንደገና ይስጡ፣ ይደውሉ። የጠረጴዛ ስልኩ ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ከአንድ ጥሪ በኋላ ያሳያል፤ ይህ ጉድለት አይደለም። ገጹ በአገልግሎት ሰጪው ከተቆለፈ ይደውሉላቸውና በትክክል ይህንኑ ይጠይቁ፦ «የደዋይ ቁጥር አላላኩን ወደ ቤልኮር ቀይሩልኝ»። «ቁጥር አይታይም» ብቻ ካሉ አገልግሎቱ ክፍት መሆኑን አረጋግጠው ይዘጉብዎታል።

ሳጥኑን መቀየር ካልተቻለ ሞደሙን ወደ መስመሩ እናመጣዋለን። «ኤቲ+ጂሲአይ?» የትኛው አገር ላይ እንደተዘጋጀ ይነግራል፤ «ቢ5» አሜሪካ፣ «ቢ4» እንግሊዝ ነው። «ኤቲ+ጂሲአይ=?» የሚያውቃቸውን ይዘረዝራል። መስመርዎ ቁጥር በሚልክበት አሠራር የሚጠቀም አገር መርጠው እንደገና ይሞክሩ። ዊንዶውስም በስልክና ሞደም ማስተካከያው ውስጥ የራሱ የአገር ምርጫ ስላለው ያንንም አብረው ያስተካክሉ፤ አለበለዚያ በድጋሚ ሲነሳ ሊመልስብዎት ይችላል። ይህም ካልሠራ ሞደሙ ያ የማዳመጫ መንገድ የሌለው ነውና ገንዘብዎን በእሱ ላይ አይጨርሱ። ሲገዙ ማሸጊያው ላይ «56ኬ» መባሉን ሳይሆን የደዋይ ቁጥር ማሳያን እንደሚደግፍ፣ በየትኛው አሠራር እንደሆነም በመመሪያው ላይ ያረጋግጡ።

አንዳንዱ የመስመሩን አላላክ ለማወቅ ትንሽ ስፒከር ወይም የጆሮ ማዳመጫ በቀጥታ ሽቦው ላይ አስሮ ያዳምጣል። አያድርጉት። ያ 90 ቮልት የሚመጣው ጆሮዎን ያስጠጉ ጊዜ ነው። ቀዳዳ ሲከፍቱም፣ ገመድ ሲቆርጡም፣ ደግሜ እላለሁ፣ መጀመሪያ ከሳጥኑ ይንቀሉ።

ፑቲ ላይ ቁጥሩ ከወጣ ፑቲን ዘግተው ወደ ፕሮግራሙ ይመለሱ። ምርጫ ከሰጠዎ በ«ታፒ» (ፕሮግራሞች በዊንዶውስ በኩል ሞደሙን የሚያዙበት መንገድ) ሳይሆን በቀጥታ በኮም ፖርት እንዲከፍት ያድርጉት። በ«ታፒ» ሲሆን የደዋይ ቁጥሩን የሚያስጀምረው ትዕዛዝ ከሞደሙ ድራይቨር ነው የሚመጣው፤ ዊንዶውስ በራሱ የሚያስቀምጠው «ስታንዳርድ ሞደም» ድራይቨር ደግሞ ያንን ትዕዛዝ አያውቀውም። በፕሮግራሙ የማስጀመሪያ ትዕዛዝ መጻፊያ ቦታ ላይ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ «ኤቲዜድ» መጀመሪያ፣ «ኤቲ+ቪሲአይዲ=1» መጨረሻ። «ኤቲዜድ» በኋላ ከመጣ የበራውን መልሶ ያጠፋዋል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የዩኤስቢው «ኃይል ለመቆጠብ ይህን ዕቃ ማጥፋት ይቻላል» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ፤ ያ ካልተነሳ ጠዋት ላይ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥሪ ይጠፋብዎታል። ሞደሙን ወደ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካዛወሩት የኮም ቁጥሩ ሊቀየር ስለሚችል ፕሮግራሙ ላይም ይቀይሩት። ቁጥሩ በሁለት ወይም በሦስት ኮምፒውተር ላይ እንዲታይ ከፈለጉ ለእያንዳንዱ ሞደም አይግዙ፤ እንደ «ኤንሲአይዲ» ያለ፣ አንድ ኮምፒውተር ከሞደሙ አንብቦ በኔትወርክ ለሌሎቹ የሚያድልበት ፕሮግራም አለ፤ ፋየርዎሉ ላይ 3333 ፖርት ይከፈትለት።

ፑቲ ላይ ቁጥር እያወጣ ፕሮግራሙ አሁንም «ያልታወቀ» ካለ «ኤቲ+ቪሲአይዲ=2» ብለው ይደውሉና ያልተፈታውን መልእክት ይዩ። በ«80» ከጀመረ ስምና ቁጥር አብረው የሚመጡበት ረጅሙ ዓይነት ነው፣ በ«04» ከጀመረ ቀንና ቁጥር ብቻ ያለበት አጭሩ። አጭሩን የማያነቡ አንዳንድ ፕሮግራሞች አሉ። ያ ከሆነ የሚቀየረው ፕሮግራሙ ነው፣ ሞደሙን አይንኩት።