ማረጋጊያ ማለት ማስታገሻ ነው? (ለእናቷ ለጠየቀችው)

እህቴ "ለእናቴ ማረጋጊያ ነው ብለው ዳያዜፓም አዘዙላት፣ ማስታገሻ ነው ወይስ የእንቅልፍ ክኒን፣ ሲሻላት ማቆም ትችላለች ወይ" ያልሽውን አየሁት። ፋርማሲ ስለምሰራ ይሄ ጥያቄ ሁሌም ይመጣብኛል።

ማስታገሻ ሲባል አብዛኛው ሰው የህመም ነው የሚመስለው፣ ዳያዜፓም ደግሞ ራስ ምታት ምናምን አያስታግስም፣ ጭንቀት ነው የሚያበርደው፣ እንቅልፍም ያመጣል፣ ለጡንቻ መኮማተርና ለሚጥል በሽታም ይታዘዛል። ስሙ ራሱ ነው የሚያደናግረው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ክሎርፕሮማዚን የሚባል የአእምሮ ህመም መድኃኒት ሲመጣ ማረጋጊያ ተባለ፣ በ1963 ዳያዜፓም ቫልየም ተብሎ ሲወጣም ማረጋጊያ፣ የመጀመሪያውን "ትልቁ" ዳያዜፓምን "ትንሹ" ይሉት ነበር እንጂ ትልቁ ለከባድ የአእምሮ ህመም ነው፣ ትንሹ ለጭንቀት፣ በፍፁም አይገናኙም (ትንሹ ስለተባለም ቀላል እንዳይመስልሽ)። ስለዚህ ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄዱ "ማረጋጊያ ይወስዳሉ" ብቻ አትበዪ፣ ማሸጊያውን ይዘሽ አሳዪ።

ይሄን የምልሽ አንድ ልጅ የእናቱን ክኒን ሊያስደግም መጥቶ "ሰሞኑን ደንዘዝ አሉብኝ፣ ንግግራቸውም ይጎተታል" አለኝ፣ ሌላ ምን ይወስዳሉ ስለው ከዛው ፌስታል ትራማዶል (ጠንከር ያለ የህመም ማስታገሻ ነው) አወጣ፣ ለጉልበታቸው ሌላ ሐኪም ያዘዘላቸው፣ ሁለቱም ሐኪሞች ስለሌላው አያውቁም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ትንፋሽ ሊያዳክሙ ይችላሉ፣ እዛው ለሐኪሙ አስደወልኩት። አልኮልም እንደዛው ነው፣ ትንሽ ብትሆንም።

ማቆሙን በተመለከተ፣ ለሳምንታት በየቀኑ ከወሰዱት በአንዴ አያቁሙት! ሰውነት ይለምደዋል፣ ድንገት ሲቀር ጭንቀቱ ብሶ ይመለሳል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሲብስ እስከ መንፈራገጥ ይደርሳል፣ ሐኪሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው የሚያስቆመው። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት እንዳያልፍ ነው የሚመከረው፣ እኔን የሚያናድደኝ ግን ለአጭር ጊዜ የተባለው ዓመት ሙሉ እየተደገመ ሲኬድ ነው።

ደግሞ በትልልቅ ሰዎች ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ የዛሬው በትናንቱ ላይ እየተደመረ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሌሊት ሽንት ቤት ሲነሱ እንዳይወድቁ መብራት ተዪላቸው፣ ብቻቸውንም ባይነሱ ጥሩ ነው።

ለስንት ቀን እንደታዘዘላቸውና ሌላ የሚወስዱት ካለ ፃፊልኝ።