ክረምቱ ሳይከብድ ጠይቁኝ፦ ሞተር፣ ጉድጓድና የተለጠፈ አስፋልት

ፎርማን፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ማታ እስከ አራት ሰዓት አለሁ። ለአዲሶቹ፦ አሥራ አንድ ዓመት አስፋልት ጥገና ላይ ሠርቻለሁ። አሁን በቦክሰር ሞተር ዕቃ አደርሳለሁ፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ፣ ገላን፣ አንዳንዴ አያት። ስለ መንገድ ጠይቁኝ። ስለ ፈቃድና ታርጋ አልመልስም። በ2011 አዲስ አበባ ላይ የሞተር ገደቡ ከመጣ ጀምሮ ያ ወሬ አላለቀም፣ እኔም አልጨርሰውም። ስትጠይቁ ቦታውን፣ ፍጥነቱን፣ ዝናብ ይሁን ደረቅ ጻፉ።

የጀሞው፦ ጋሼ፣ ጉድጓድ ውስጥ መግባቴ ካልቀረ ፍሬን ልያዝ ወይስ ልልቀቅ?

ፎርማን፦ ሳትደርስ ያዝ፣ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ልቀቅ። ፍሬን ስትይዝ የፊቱ ሞላ ይጨመቃል። እንደተጨመቀ ከገባህ ምቱን የሚውጥበት ቦታ የለውም። ቸርኬህና የእጅ አንጓህ ይቀበሉታል። ከወንበሩ ትንሽ ብድግ በል፣ ጉልበትህን አላላ። ጉድጓዱ ላይ ደግሞ አታፍጥ። ሞተር ዓይንህን ተከትሎ ነው የሚሄደው።

የአራብሳ ልጅ፦ ሰፈራችን ለውሃ መስመር ተቆፍሮ ነበር። አስፋልቱን በቁመቱ ነው የሰነጠቁት። ሞልተው ከሄዱ ሁለት ወር ሆነ። ማክሰኞ በዝናብ የፊት ጎማዬ ገባበትና ወደቅሁ። በ35 ነበር የምሄደው፤ መንገዱም ቀጥ ያለ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው?

ፎርማን፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ቡና ይዘህ ተቀመጥ።

ጉድጓድ አይደለም ሞተረኛ የሚጥለው፤ ጥገናው ነው። ጉድጓድ ያስፈራሃል፣ ትቀንሳለህ። ጥገና ግን «ተሠርቷል» ብለህ ታምነዋለህ።

ቁፋሮ ሲሞላ በንብርብር ነው። 15 ወይም 20 ሴንቲ ገረጋንቲ ይገባል፣ ውሃ ይርከፈከፍበታል፣ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ሌላው ንብርብር። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነውስ? የወጣው አፈር ራሱ በአንድ ጊዜ ይገለበጣል፣ ማሽኑ ከላይ ሁለት ጊዜ ይመላለስበታል። የዚያን ቀን ጠረጴዛ ይመስላል። የተጠቀጠቀው ግን የላዩ ብቻ ነው፤ ታቹ ክፍት ነው። ዝናብ ሲገባበት ቁጭ ይላል። በእናንተም በእኛም በኩል ደግሞ አፈሩ መረሬ ነው። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሆናል። መረሬን መልሶ አስፋልት ሥር መቅበር ማለት በየዓመቱ የሚተነፍስ ነገር መቅበር ነው።

ላዩም ጣጣ አለው። ጠርዙ በማሽን ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ ሬንጅ ይቀባል። አስፋልቱ ከማምረቻው ሲወጣ 150 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ትኩስ እያለ መዳመጥ አለበት። አንድ ቀን መኪናው መንገድ ተዘግቶበት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረሰ። አካፋዬን ስሰካ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። «አፍስሰው፣ እንሂድ» ተባልኩ። አፈሰስኩት። ያቺን ቦታ ሳልፍ እስከ ዛሬ ዓይኔን እሰብራለሁ።

ወዳንተ ልምጣ። የቦክሰር የፊት ጎማ ስፋቱ 7 ሴንቲ ገደማ ነው። አግድም የተቆፈረ ቦይ አንድ ጊዜ ያነጥርሃል፣ ያልፋል። በቁመት የተቆፈረ ግን ጎማህን እንደ ሐዲድ ይይዘዋል። ሰው ደንግጦ በቀስታ ወደ ጎን ሊወጣ ይሞክራል። ጎማው ጠርዙን እየታከከ ይሄዳል እንጂ አይወጣም፤ ከዚያ መሪው ይጠመዘዛል። ገብተህ ከተገኘህ አትታገል። ነዳጅ ልቀቅ፣ ቀጥ ብለህ ፍጥነቱን አውርድ፣ ጠርዙ ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ ሰፋ ባለ ማዕዘን ውጣ። ስትሻገረውም እንደዚያው፤ በተቻለህ መጠን ቀጥ ብለህ ቁረጠው።

ጥፋቱ ያንተ ነው አልልህም። ግን ሁለት ወር የምታውቀው ቦይ ነው። በዝናብ በ35 አጠገቡ ምን ትሠራለህ?

አዲስ ጥቁር ልጣፊ ካያችሁ ቀንሱ። ደግሜ እለዋለሁ ገና።

ሞተረኛው፦ ሞተሬ ይንቀጠቀጣል። ምን ይሻላል?

ፎርማን፦ የት? በስንት? መሪው ነው ኋላው? ይሄ ጥያቄ አይደለም፣ እሮሮ ነው። ጋራዥ።

የገላን፦ ለጉድጓድ የጎማ አየር መቀነስ ጥሩ ነው ይላሉ።

ፎርማን፦ የሚሉት ከመነዳሪ የሚሸጡ ናቸው። አየር ሲያንስ የጉድጓዱ ጠርዝ ጎማውን ቸርኬው ላይ ይደፈጥጠዋል፣ ከመነዳሪው ሁለት ቦታ ይነከሳል። መመሪያው ያለውን ልክ ሙላ።

የለገጣፎ፦ እኔ የምለው ሁሉም ኮብልስቶን ቢሆን ይሻላል። ሲቆፈር ይነቀላል፣ ተመልሶ ይደረደራል።

ቦክሰር 150፦ በዝናብ ነድተህበታል? ሳሙና ነው። ይልቅ መንገዱን የጨረሱት ገልባጮቹ ናቸው፣ እነሱ ይታገዱ።

የለገጣፎ፦ ያንተ ኮንዶሚኒየም አሸዋ በአህያ ነው የመጣው?

ቦክሰር 150፦ በአህያ ቢመጣ አስፋልቱ ይተርፍ ነበር።

የጀሞው፦ አህያም ታግዷል ወይ?

ፎርማን፦ ጨረሳችሁ? ኮብል ሲነቀል ይመለሳል፣ እውነት ነው። ግን ሥሩ ካልተጠቀጠቀ እንደ ጥርስ ይወላለቃል። ሲለሰልስና ሲረጥብ ደግሞ ይጥላል። ኮብል ላይ ስትታጠፉ ፍሬን አትንኩ። ገልባጩም ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ መታጠፊያ ላይ የሚያፈሰው አሸዋና በጎማው የሚያወጣው ጭቃ ነው። ግንባታ በር ጋ ስትደርሱ ቀድማችሁ ቀንሱ። አህያ አልመልስም።

የሱሉልታ፦ ባለቤቴ ነው የሚነዳው። ማታ ነው የሚመለሰው፣ ጉም አለ፣ ዝናብ አለ። ውሃ የሞላው ጉድጓድ እንዴት ይለያል?

ፎርማን፦ እህቴ፣ ጥሩ ጠየቁ። ማታ የረጋ ውሃ ለስላሳ አስፋልት ነው የሚመስለው። የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ጉድጓድ ነው ብሎ ይንዳ። ክዳኑ የተነሳ ማንሆልም ሊሆን ይችላል፣ አይግባበት። ከፊት መኪና ካለ ራቅ ብሎ በጎማው መስመር ይከተል፣ የኋላ መብራቱን ይይ። መብራቱ ዘለል ካለ እዚያ ጋ ጉድጓድ አለ። በ60 ሲሄድ በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የእነዚህ ሞተሮች መብራት ደግሞ ደካማ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የፍሬን ርቀት አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ከ40 አይለፍ በሉት።

የሱሉልታ፦ የሚሰማኝ መስሎዎት ነው?

ፎርማን፦ ይህን ያሳዩት። ፎርማን ነው ያለው ይበሉት።

ሀይሩፍ፦ ጋሼ፣ ጉድጓድ ውስጥ ስገባ ፍሬን ልያዝ?

ፎርማን፦ ከላይ አለ። አንብብ።

አዲሱ፦ ፍሬን የሚያዘው ጉድጓዱ ውስጥ ነው ወይስ በፊት?

ፎርማን፦ እናንተ ልጆች ዛሬ ምን ነካችሁ? ሳትደርስ ያዝ! ስትደርስ ልቀቅ!

የገላን፦ ብወድቅ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ያሳክመኛል?

ፎርማን፦ ስሙ ላይ ተጽፏል። ሾፌሩ ሦስተኛ ወገን አይደለም። የቀረውን ጠበቃ ጠይቅ።

የኮዬ፦ እኛ የሰፈር ልጆች ተሰብስበን ጉድጓዶቹን በብሎኬት ስብርባሪ ልንሞላ ነው። ምን ትለናለህ?

ፎርማን፦ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ግን ቆዩ። የብሎኬት ስብርባሪ በሦስት ቀን መኪና ያወጣውና አስፋልቱ ላይ ይበትነዋል። ጠጠር አስፋልት ላይ ማለት ኩሽኔታ ላይ መቆም ነው። የግድ ከሆነ መጀመሪያ ውሃውን አውጡ። ገረጋንቲ በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ በከባድ እንጨት ውቁት። ሲያልቅ ዙሪያውን በመጥረጊያ ጥረጉ፤ መጥረጉን ነው ሁሉም የሚረሳው። ለምልክት ደግሞ ቅጠል ትከሉ እንጂ ድንጋይ አታስቀምጡ። ድንጋዩን ባለመኪናው ያየዋል። ማታ የሚመጣው ባለሞተር ግን ከጉድጓዱ ቀድሞ እሱን ነው የሚመታው።

አዲስ ልጣፊ ካያችሁ ቀንሱ። ዙሪያው ጠጠር አለ። ጠጠር ላይ ፍሬን አትንኩ።

ቦክሰር 150፦ ይሄን አሁን ለስንተኛ ጊዜ አልከው?

ፎርማን፦ እስክትቀንስ ድረስ።

የአራብሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ሄጄ ያን ቦይ ልለካው። ለወረዳ ማመልከቻ ልስጥ?

ፎርማን፦ ለካው። ጥልቀቱን፣ ወርዱን፣ ርዝመቱን በእርምጃ። ፎቶ ስታነሳ ጫማህን ከጎኑ አድርግ፤ አለበለዚያ ትንሽ ጭረት ነው የሚመስለው። ለእኔም ላክልኝ። በል ልተኛ፣ አራት ሰዓት አለፈ።

የአራብሳ ልጅ፦ የቱን ጫማ? የወደቅሁበት ተቀዷል።

ፎርማን፦ እሱኑ አድርገው።